ልብስ ማጠቢያ ቤት የተኛችው ዶሮ

አባቴ ዶሮ የሚነካ ሰው አልነበረም። ዶሮዎቹ የእናቴ ነበሩ። የእሱ ድርሻ የመኖ ከረጢት መሸከምና አጥር መጠገን ነበር፤ ከዚያ ወዲያ አንዷን ከአንዷ ለይቶ አያውቅም። «ሁሉም ጥቁር ናቸው» ይል ነበር። እውነቱን ነው፤ ሁሉም ጥቁር ነበሩ፣ ብርሃን ሲያርፍባቸው እንደ ጥንዚዛ ጀርባ አረንጓዴ የሚያብለጨልጭ ጥቁር። እናቴ ግን ዐይኗን ጨፍና በእጇ ዳብሳ ትለያቸው ነበር።

ስለዚህ በዚያ ክረምት፣ እናቴ ጀርባዋን ልትታከም ትልቁ ከተማ አደላይድ ከሄደች በኋላ፣ አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ አባቴ ልብስ ማጠቢያ ቤቱ ወለል ላይ ተንበርክኮ ዶሮ አቅፎ ሳየው ቤት የተሳሳትኩ መሰለኝ።

«በሩን ዝጊው ግሌኒስ፤ ብርድ አታስገቢ» አለኝ።

ያቀፋት ፐርልን ነበር። ፐርል ማለት ሉል ማለት ነው፤ እናቴ ከሰል የመሰለችን ዶሮ ሉል ብላ መጥራቷ ራሷን ሁልጊዜ ያስቃት ነበር። ባለፈው ጸደይ በከተማችን የእርሻ ትርዒት አንደኛ ወጥታ ሰማያዊ ጥብጣብ ያመጣችልን እሷ ናት። አሁን ጅራቷ ወድቋል፤ ዐይኗን እንደ ሰነፍ ተማሪ እየከደነች ትገልጣለች። አናቷ ላይ ያለው እንደ መጋዝ ጥርስ ያወጣ ቀይ ሥጋ፣ እኛ ቤት ዘውድ የምንለው፣ ደም እንደረጋበት ጥፍር ጠቁሯል። ትንፋሿ የኮመጠጠ ሊጥ ይሸታል።

«አባዬ፣ መጥረቢያው እኮ በሩ ጀርባ ነው» አልኩት። ለማገዝ ብዬ ነው።

«የት እንዳለ አውቃለሁ።»

«እማዬ ብትሆን...»

«እናትሽ የለችም።»

እኛ ጋ ለውድድር ዶሮ የሚያረባ ሰው የታመመች ዶሮ አያስታምምም። እናቴ ጅራቷ የወደቀ ዶሮ ካየች ቁርሷን እንኳ ሳትጨርስ ይዛት ወደ መጋዘኑ ጀርባ ትሄዳለች፤ ተመልሳ እጇን ትታጠብና ሻይ ትጥዳለች። በሽታው ወደ ሌሎቹ ይዛመታል፤ ከዳነችም ደካማ ደሟ ወደ ጫጩቶቿ ይወርዳል። ጭካኔ አልነበረም፤ እንደ ልብስ ማጠብ ያለ የቤት ሥራ ነበር። ይህን ሳወራ ፊታቸውን የሚያጨማድዱ ሰዎች አጋጥመውኛል፤ አብዛኞቹ የሚያጨማድዱት የተጠበሰ ክንፍ እየጋጡ ነው።

ስለዚህ ያን ቀን የደረስኩበት መደምደሚያ አንድ ብቻ ነበር፦ አባቴ ጥብጣቡን ፈልጎታል። ትርዒቱ እየቀረበ ነው፤ ያለን ጥሩ ዶሮ ፐርል ብቻ ናት። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። በዘጠኝ ዓመቴ ሰው ከሰማያዊ ጥብጣብ በላይ የሚመኘው ነገር መኖሩን አላውቅም ነበር።

እንዴት እንደምትያዝ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ፐርል የበላችው ረጅም ደረቅ ሣር ደረቷ ላይ ባለው የምግብ ከረጢት ውስጥ ተተብትቦ፣ ከረጢቱ ሲነኩት እንደ ድንጋይ ይጠጥራል። እኔ ምንቃሯን ከፍቼ ዘይት ጠብ አደርጋለሁ፤ እሱ ያሻል። አባቴ የሚሠራው ስንዴ ጎተራው ላይ ነበር። ጣቶቹ ወፋፍራም ነበሩ፤ ስንጥቃቸው ውስጥ የገባው የእህል አቧራ በሳሙናም አይለቅም።

«እንደዚህ?»

«የክሪኬት ኳስ እኮ አይደለችም አባዬ። ቀስ።»

«ቀስ እያልኩ ነው።»

«ቀስ ያለው አፍህ ነው።»

የእናቴ ታላቅ እህት፣ አክስቴ ቤቭ፣ ምግብ ልታበስልልን እኛ ጋ መጥታ ነበር፤ ማለት የታሸገ ምግብ ቆርቆሮ ልትከፍትልን። በሩን ተደግፋ ሲጋራዋን እያጨሰች ታየናለች።

«ክላይቭ፣ እህቴን ሎርናን አንድ ቀን እንዲህ አድርገህ እግሯን አሽተህላት ታውቃለህ?»

አባቴ ቀና አላለም። «ጠይቃኝ አታውቅም» አለ።

እኔ ሳቅኩ። አክስቴም መሳቅ ጀምራ መሃል ላይ ተወችው። ሲጋራዋን ግማሽ ሳታደርሰው ማጠቢያ ገንዳው ውስጥ አጥፍታ ወጣች። በራሷ ቀልድ ያፈረች መስሎኝ ነበር። ሐኪሙ ከአደላይድ የደወለው ያን ዕለት ጠዋት ነው። የጀርባ ሐኪምም አልነበረም።

እናቴ በሳምንት አንድ ጊዜ ትደውላለች። ድምፅዋ ከጉድጓድ ውስጥ የሚመጣ ይመስል ነበር፤ መስመሩ ነው ይሉኛል፣ እኔም መስመሩ ነው ብዬ እቀበላለሁ።

«ፐርልስ?» ትለኛለች፣ እንዴት ነሽ ከማለቷ በፊት። «አደራሽን ግሌኒስ። ስመጣ ላያት እፈልጋለሁ።»

ከዚያ አባቴ ስልኩን ይቀበለኛል። «ደህና ናት» ይላታል። «ትበላለች። በደንብ ትበላለች።» አንድ ቀን እንዲህ ሲላት ፐርል ውኃ እንኳ አልቀመሰችም ነበር። ዐይኔን አፍጥጬ ሳየው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

አደራ የተባልኩት እኔ ነበርኩና ከዚያ ወዲያ ፐርል መዳን ግዴታዋ ሆነ። እናቴ ስትመጣ ፐርልን ማግኘት አለባት። ካላገኘች ምን እንደሚሆን አላሰብኩም። የእናቴ መመለስና የዶሮዋ መዳን በአንድ ገመድ የታሰሩ ይመስለኝ ነበር፤ ገመዱን ማን እንዳሰረው ግን አልጠየቅኩም። በወተት የራሰ ዳቦ በማንኪያ እየያዝኩ እለምናት ነበር፤ ልመናው ሲያቅተኝ እሰድባት ነበር። ሁለቱንም በአንድ ዐይን ታየኛለች።

አንድ ጠዋት ስነሳ ቆማ አገኘኋት።

«ተሻላት!» አለ አባቴ ከኋላዬ። ድምፁ በትምህርት ቤት ቲያትር ላይ እረኛ ሆኖ የሚጫወት ልጅ ድምፅ ነበር። «ሌሊቱን ተሻላት። አየሽ?»

አየሁ። ዘውዷ እንደ ቲማቲም ቀልቷል። የምትተኛበት ካርቶን ውስጥ የነበረውን ምግብ ሁሉ ጨርሳ የሹራቤን ቁልፍ ትነቁራለች። ፐርል ቁልፍ አትነቁርም፤ ፐርል ጨዋ ነበረች። አቀፍኳት፤ ከበደችኝ። ከዚያ፣ እናቴ እንዳስለመደችኝ፣ ሳላስበው እግሯን ይዤ ቀለበቷን አነበብኩ።

የዶሮ አርቢዎች ማኅበራችን ዶሮዎች ሁሉ እግራቸው ላይ ቀለበት አላቸው። ጫጩት ሳለች ጣቶቿን ሰብስቦ ነው የሚገባው፤ እግሯ ከወፈረ በኋላ ካልተቆረጠ አይወጣም። ቀለሙ በየዓመቱ ይለያያል፣ ቁጥሩ በየዶሮዋ። ፐርል ቢጫ፣ አርባ አንድ ነበረች። ይቺኛዋ ቢጫ፣ አርባ ሰባት። የሁለቱንም ያጠለቅኩት እኔ ነኝ፣ እናቴ ጫጩቶቹን ይዛልኝ። አባቴ ቀለሙን አመሳስሏል። ቁጥሩን ግን ወይ አላየውም፣ ወይ አይቶ ማን ያነበዋል ብሎ ትቶታል።

«አየሽ?» አለ እንደገና።

«አየሁ» አልኩ።

ቀለበት ማጭበርበር ምን ማለት እንደሆነ አውቅ ነበር። የዕቃ መደብሩ ባለቤት ሚስተር ፔንጌሊ የሞተች ዶሮውን ቀለበት ቆርጦ፣ ሌላ ዶሮ እግር ላይ በሙጫ አጣብቆ ትርዒት ላይ ሲያቀርብ ተይዞ ከማኅበሩ ተባሯል። የያዘችው እናቴ ናት። ከዚያ ወዲህ ከመደብሩ አንዲት ምስማር አልገዛችም፤ ለምስማር ሌላ ከተማ ድረስ ትነዳ ነበር። መንገድ ላይ «ደህና ዋልሽ ሎርና» ሲላት፣ እሱን እንደ መስኮት አልፋ ከኋላው ያለውን ግድግዳ ታያለች።

አባቴ ሚስተር ፔንጌሊ ሆነ ማለት ነው። ያውም እናቴ በሌለችበት፣ በእናቴ ዶሮዎች።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ሎሚ ዛፉ ሥር አዲስ የተቆፈረ አፈር አየሁ። እኛ ዶሮ አንቀብርም፤ የሞተ ዶሮ በጋዜጣ ተጠቅልሎ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ነው የሚገባው። ማስረጃ ደብቋል አልኩ ለራሴ። አሁን ሳስበው ለማስረጃ ብሎ ማንም ያን ያህል አይደክምም። ጠርዙ በአካፋ ተስተካክሎ፣ አፈሩ በእጅ ተዳምጦ ነበር።

ጥርጣሬዬን ያጸናልኝ ሚስተር ፔንጌሊ ራሱ ነው። በዚያው ሳምንት በአጥራችን በር መጥቶ አባቴን በምልክት ጠራው። ከውኃ ጋኑ ጀርባ ቆሜ ሰማኋቸው።

«ይኸው» አለ ሚስተር ፔንጌሊ፤ በከረጢት የያዘውን ነገር ሰጠው። «እስከፈለግክበት ጊዜ ያዘው። ፊልሙም ውስጡ አለ።»

«ባለውለታዬ ነህ፣ ለን» አለው አባቴ በመጀመሪያ ስሙ።

«ኧረ ተወኝ። ከእኔ መሆኑን ብቻ ለሎርና እንዳትነግራት። አሽቀንጥራ ነው የምትጥለው።»

ሁለቱም ሳቁ፤ ግን ሳቃቸው ወዲያው አለቀ። ሚስተር ፔንጌሊ ባርኔጣውን አውልቆ፣ ውስጡን አይቶ፣ መልሶ አደረገው። እኔ አጭበርባሪዎች ሲመካከሩ ያየሁ መሰለኝ።

ከረጢቱ ውስጥ የነበረው ፎቶውን ወዲያው በአፉ የሚተፋ ካሜራ ነው። አባቴ እሁድ እሁድ እናቴን ሊጠይቅ ይነዳል፤ ልጆች ወደ ክፍሉ አይገቡም ተብሎ እኔ ከቤቭ ጋር እቀራለሁ። ከመሄዱ በፊት ዶሮዋን አሳቅፎኝ ከኋላ በር ደረጃው ላይ ያስቀምጠኛል።

«እጅሽን ዝቅ አድርጊው። እግሯ ላይ። ሁለቱም እግር ላይ፣ እንደዛ። ሸፍኚው።»

«ለምን?»

«ብርድ እንዳይመታት።»

ላባ ለብሳ የተወለደች ፍጥረት! ሸፈንኩት። ካሜራው ፎቶውን ተፋው፤ አባቴ እስኪደርቅ እያራገበ፣ ዐይኑን እያጠበበ ካየው በኋላ ሸሚዙ ኪስ ውስጥ ከተተው። አደላይድ ላሉት የትርዒቱ ዳኞች የሚወስድላቸው መሰለኝ። እሱና ቤቭ ወደ ወጥ ቤት ሲገቡ ቤቭን ሰማኋት።

«ቀለበቱ አንድ ቀን ከታየ አለቀልህ ክላይቭ።»

«አይታይም። ግሌኒስ እጇን ታደርግበታለች።»

«ልጅቷ ብታውቅስ?»

«ልጅ ናት እኮ ቤቭ። ለእሷ ዶሮ ዶሮ ነው።»

ከማጭበርበሩ በላይ ይህ አናደደኝ። ዶሮ ዶሮ የሆነው ለማን እንደሆነ ገብቼ ልነግረው ነበር። ግን አልተናገርኩም። አሳባቂ አይደለሁም፤ ማሳበቅም አላስፈለገኝም። እናቴ ትመጣለች። እጇ ያቺን ዶሮ በነካ ቅጽበት አባቴ አለቀለት። የቀረኝ መጠበቅ ነበር፤ ጠበቅኩ። ዶሮዋን አበላለሁ፣ ካርቶኗን አጸዳለሁ፣ ለፎቶ እጄን እግሯ ላይ አደርጋለሁ። እሷ ምንም አልበደለችኝም። በስም ግን አልጠራኋትም።

እናቴ የመጣችው አንድ ቅዳሜ ነው፤ እሑድ ልትመለስ። አባቴ ከመኪናው አቅፎ አወጣትና መስኮቱ አጠገብ ያለው ወንበር ላይ አስቀመጣት። ጀርባዋ ስለዳነ ቀጥ ብላ የተቀመጠች መሰለኝ። ቀጥ ያለችው በየትኛውም ጎን ዘንበል ማለት ስለሚያማት ነው። ራሷን በሻርፕ አስራለች። የለበሰችው ሹራብ የራሷ ነው፤ ግን የተዋሰችው ይመስላል።

«ረዝመሻል» አለችኝ። «ማን ፈቀደልሽ?»

«ማንም።»

«እንደ ገመትኩት። ፐርልስ?»

አባቴ ዶሮዋን በፎጣ ጠቅልሎ፣ እግሯን ሸፍኖ አመጣት። ጭኗ ላይ ሲያስቀምጥላት ሙሉ ባልዲ የተሸከመ ይመስል ነበር። ከዚያ ወደ በሩ ሸሽቶ ኩባያውን አነሳ። ቤቭ ቧንቧውን ከፈተች፤ የምታጥበው ነገር ግን አልነበረም።

እናቴ ፎጣውን ገለጠችው። እጇ ቀጥኗል፤ ሥራውን ግን አልረሳም። መጀመሪያ ከክንፎቿ ሥር፣ ከዚያ የደረት አጥንቷን፣ ከዚያ ጀርባዋን እስከ ጅራቷ። ዘውዷን በሁለት ጣት ይዛ ጥርሶቹን ከፊት ወደ ኋላ ዳሰሰቻቸው። የፐርል ዘውድ የኋለኛው ጥርስ መንታ ነበር። የዚችኛዋ አይደለም። ጣቷ እዚያ ላይ ቆመ። ከዚያ እጇ ወደ እግሯ ወረደ፤ በአውራ ጣቷ ቀለበቱን አዙራ ቁጥሩን ወደ መስኮቱ ብርሃን አደረገችው።

አነበበችው። ከዚያ አባቴን አየችው። እሱ ኩባያው ውስጥ ያለውን ሻይ እያየ ነበር።

«አምሮባታል ክላይቭ» አለች። «እኔ እንኳ እንዲህ አድርጌ አልይዛትም ነበር።»

አባቴ ኩባያውን አስቀመጠ። «ዘይት ነው» አለ። «ዘይትና ማሸት። ግሌኒስ ናት ያሳየችኝ።»

«አንተ አሸሃት?»

«ብዙ ቀን።»

«አይ ዕድሏ!» አለች እናቴ።

አባቴ እንጨት ልፍለጥ ብሎ ወጣ። የተፈለጠ እንጨት እስከ ጣሪያ ሞልቶን ነበር። የመጥረቢያው ድምፅ እስኪጀምር ጠብቄ ወደ እናቴ ተጠጋሁ።

«እማዬ፣ ቀለበቱን አላየሽውም?»

«አየሁት።»

«ታዲያ አርባ ሰ...»

«ግሌኒስ።» የጎረቤት ውሻ ዶሮዎቹን ሲያስቸግር የምታወጣው ድምፅ ነበር፣ ዝቅ ብሎ። «ይቺ ፐርል ናት። ማን ናት?»

ቤቭ ቧንቧውን ዘጋችው። ከውጭ መጥረቢያው ይሰማል። እናቴ ዐይኗን ከእኔ ላይ አላነሳችም፤ እኔ ነኝ ያነሳሁት።

«ፐርል» አልኩ።

«አዎ» አለች። ራሷን ወንበሩ ላይ አስደግፋ፣ እጇን የዶሮዋ ጀርባ ላይ እንዳደረገች፣ መጀመሪያ ዶሮዋ ቀጥላም እሷ እንቅልፍ ወሰዳቸው።

ስለዚህ እናቴም ሚስተር ፔንጌሊ ሆነች። ለምስማር ሌላ ከተማ ድረስ ትነዳ የነበረችው እናቴ! ጥብጣብ ሰውን ምን እንደሚያደርግ ያን ቀን ያወቅኩ መሰለኝ። በማግስቱ መኪናው ውስጥ ስትገባ እንድትስመኝ ጉንጬን ሰጠኋት። እጄን ኪሴ ውስጥ እንዳደረግኩ መኪናው እስኪታጠፍ ቆምኩ። ከዚያ ወዲህ አላየኋትም።

ትርዒቱ የዋለው ከቀብሯ በኋላ ነው። ጠዋት ተነሥቼ ዶሮዋን በለብታ ውኃ አጠብኳት፤ ጣቶቿን በጥርስ ብሩሽ ፈተግኩ፣ ዘውዷን በዘይት ወለወልኩ። ይህን ያህል ከዋሸን ቢያንስ ታጥባ ትቅረብ ብዬ ነው። በፎጣ ጠቅልያት ስወጣ አባቴ ከኋላ በር ደረጃው ላይ በካልሲ ተቀምጧል።

«የት ልትወስጃት ነው?»

«ትርዒት ነዋ። አላስመዘገብካትም እንዴ?»

ዞሮ አየኝ። ግራ ገብቶት ነበር፤ የምሬን እንደሆነ ለማወቅ ፊቴን ፈለገ።

«አላስመዘገብኩም» አለ። «ለምን ብዬ?»

እርጥብ ዶሮ ታቅፌ ቆምኩ። ከትርዒቱ ሜዳ ድምፅ ማጉያው ይሰማል፤ የበጎች ውጤት እያነበበ ነው። አባቴ ተነሥቶ በካልሲው እርጥቡን ሣር ረግጦ ሄደና የዶሮ ቤቱን በር ከፍቶ ሁሉንም ለቀቃቸው። ለውድድር የሚረቡ ጥቁር ዶሮዎች ሜዳ ላይ አይለቀቁም፤ ፀሐይ ላባቸውን ያዝገዋል።

«ፀሐዩ ያበላሻቸዋል» አልኩት።

«ያበላሻቸው» አለ።

ለምን ብሎ እንዳደረገው አልጠየቅኩም። መጀመሪያ ሳይጠይቁ ያለፉትን ነገር በኋላ መጠየቅ ከባድ ነው፤ ከዓመት ዓመት ሲቆይ ደግሞ የቤት ዕቃ ይሆናል፣ እየዞሩት ማለፍ ነው። የነገረኝ እሱ ራሱ ነው፣ ዘንድሮ፣ እኔ ቤት እራት በልተን ሳህን ስናጥብ። እሱ ያጥባል፣ እኔ አደርቃለሁ።

«አንድ ነገር ልንገርሽ፤ እንዳትስቂብኝ» አለ። «ያቺ ዶሮ ፐርል አልነበረችም።»

«የትኛዋ?»

«እናትሽ የታመመች ጊዜ። ፐርል እጄ ላይ ሞተችብኝ። ሐኪሙ የሚለውን ሁሉ ለሎርና የምነግራት እኔ ነበርኩ። ሁሉንም ነገርኳት፤ አንድም አልደበቅኩም። የዶሮዋን ግን...» ሳህኑን አረፋው ውስጥ አዞረው። «ሌላ አንስቼ ፎቶ እያነሳሁ እወስድላት ነበር። ራስጌዋ ታደርገው ነበር። ያቀፍሽላት አንቺ ነሽ፤ አታስታውሽም፣ ልጅ ነበርሽ።»

«ትንሽ ትንሽ» አልኩ።

ፎቶዎቹ ላይ እጄ ቀለበቱን ሸፍኖታል። ዘውዱን ግን የሸፈነው አልነበረም። እናቴ የመጀመሪያውን ፎቶ ከእጁ ስትቀበል፣ አልጋው አጠገብ ቆሞ ፊቷን ሲያይ፣ ታየኝ።

«ደግሞ አላወቀችም እኮ» አለ አባቴ። ፊቱ ላይ የነበረው ኩራት ነው፤ ሌላ ስም ብፈልግለት አጣሁ። «ሎርና! በእጇ ዳስሳ የምትለያቸው ሴትዮ! ጭኗ ላይ አስቀምጬላት፣ አገላብጣ አይታት፣ አላወቀችም።»

«አላወቀችም» አልኩና ሳህኑን ተቀበልኩት።